በሰማንያ ቀን ያልደረሰ ቀሚስ

ዳንቴል መሥራት የተውኩት ልጄ በተወለደችበት ዓመት ነው። አስቤ፣ ወስኜ አይደለም። የኪሮሽ መርፌዬን አንድ ቀን አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት አላነሣሁትም።

ከዚያ በፊት እጄ ጥሩ ነበር። ለመመካት አይደለም፤ የሰፈራችን ቴሌቪዥኖች ምስክሮቼ ነበሩ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተማርኩና መጀመሪያ የቤታችንን ወንበሮች አለበስኩ፣ ቀጥሎ ሬዲዮኑን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቻችንን ቴሌቪዥን። ሙሽሮች የአልጋ ልብስ ያዝዙኝ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ጥቅል ነጭ ክር ነበረ። እናቴ ሻንጣውን ስንዘጋ «አሜሪካ ክር የለም?» ብላኝ ነበር። ክርስ አለ።

ላንግሊ ፓርክ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሳለ ልጄ ተወለደች። በሳምንቷ የክርስትና ቀሚሷን ጀመርኩ። በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ተብሎ ነው። ሰማንያ ቀን ብዙ መስሎኝ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ፤ በስምንተኛው ሳምንት ሁለተኛ ሥራ ጨመርኩ። ቀሚሱ ደረቱ አልቆ ወገቡ ላይ ቆመ። ልጄ ከጎረቤት በተዋስኩት ቀሚስ ክርስትና ተነሣች። የሰው ቀሚስ አጥቤ መለስኩ፤ የራሴን በፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሻንጣው ከላንግሊ ፓርክ ወደ አስፐን ሂል፣ ከአስፐን ሂል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አብሮን ሄደ። ማንም አልከፈተውም።

አምና ልጄ አረገዘች። የምትኖረው ከባሏ ጋር ከወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ባሌ እነሱ ቤት ምሳ ስንበላ ልጄ ስልኳን እያየች፣

«ማም፣ የክርስትናውን ልብስ ኦንላይን ኦርደር አደርገዋለሁ» አለችኝ።

«አታድርጊ። እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንቺ? ልብስ ትሠሪያለሽ? ሲንስ ዌን?»

«ካንቺ በፊት።»

ባሏን አየችው። ባሏ ሳህኑን አየ። አልፈረድኩባትም። ይህች ልጅ እኔን ስታውቀኝ ምግብ ስሠራ፣ ስጸልይ፣ ለሥራ ስለብስና ከሥራ መጥቼ ጫማ ሳወልቅ ነው። ኪሮሽ ይዤ አይታኝ አታውቅም። ሰው ያላየውን አያምንም።

ቤት ስንገባ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩት። አወረድኩት ማለቴ ባሌ አወረደው። ባሌ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሻንጣ ያለ ጥያቄ አያወርድም።

«ምን አለበት?»

«ኪሮሽ።»

«ለአንዲት ኪሮሽ ይሄን ሁሉ ተሸክመን ነው የከረምነው?»

ኪሮሹን አወጣሁ። ፌስታሉን አየሁትና ሳልፈታ መልሼ አስቀመጥኩት።

እጄ ያስታውሳል ብዬ ነበር። አላስታወሰም። የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአረጋውያን ቤት ላውንድሪ ውስጥ ነው፤ እጄ የሚያውቀው አንሶላ ማጠፍ ነው። ቀጭኑን ክር ጣቴ ላይ ስጠመጥመው ክሩ የት እንደሚሄድ ጠፋው፤ እኔም ጠፋኝ። ለመለማመጃ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ልሠራ ተነሣሁ። ጠርዙ እየተሸበሸበ ወደ ላይ ቆመ። ባሌ አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው።

«ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል?»

«የማይክሮዌቭ ልብስ ነው።»

«ማይክሮዌቩ ክብ ነው እንዴ?»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም ነበር። ሦስተኛውን ተረተርኩት። አራተኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ቴሌቪዥኑ ላይ ላኖረው ስሄድ የዛሬ ቴሌቪዥን አናት እንደሌለው አየሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ያን ቀን ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ማንም ሳላስብ ተቀምጫለሁ። ከጸሎት ውጭ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ መንገር ይኖርብኝ እንደሆነ አሰብኩ። ተውኩት።

የክርስትናውን ልብስ ግን አልጀመርኩም። ልጅ ሳይወለድ ልብሱ አይጀመርም። ይህ ሃይማኖት አይደለም፤ እናቴ ናት። ስለዚህ የማደርገው ቀኑን ማስላት ብቻ ነበር። ለማስላት ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ ያስፈልጋል። ልጄና ባሏ «ሰርፕራይዝ ይሁን» ብለው ሐኪሙ እንዳይነግራቸው ከልክለዋል። እኔ ሰርፕራይዝ አልወድም። አንዲት ወዳጄ አለች፤ በቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት አብረን እናገለግላለን። ሆድ አይታ ትናገራለች፣ ስታም አታውቅም ይባላል። ልጄ ለበዓል ስትመጣ ከፊትም ከኋላም አየቻት።

«ፊቷ ጠቁሯል፤ ጣፋጭ ትወዳለች። ሴት ናት» አለችኝ።

እኔም ብሆን ሴት ናት ብዬ ነበር። ሁለት ሰው ከመሰከረ አለቀ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ሠላሳ ቀን ለደረቱ፣ ሠላሳ ቀን ለታችኛው፣ ዐሥር ቀን ለእጅጌ፣ ዐሥር ቀን ለማጠብና ለድንገተኛ ነገር። ሰማንያ።

ልጄ የወለደች ቀን እኔና ባሌ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ተቀምጠን ነበር። አማቼ እየሮጠ መጣ። እሱም በዲቪ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲደሰት አሁንም አገር ቤት ያለ ይመስለዋል።

«እማማ፣ ወንድ ነው! ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከልቤ ነው። ተነሥቼ እልል አልኩ። ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ላይ ነርሷ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች፤ ለሴት በሚበቃ ቆምኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለ ባሌ።

«ቀን።»

«ተወለደ እኮ።»

«አርባ ነው።»

«ምኑ ነው አርባ?»

«ሰማንያ ነበር። አርባ ሆነ።»

ባሌ ትንሽ አሰበና ገባው። «ወዳጅሽ ስታ አታውቅም አላልሽኝም?» አለኝ።

ወዳጄን ደውዬ ነገርኳት። «እኔ የተናገርኩት ስለ ሆዱ ነው እንጂ ስለ ልጁ አይደለም» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽም አለችኝ።

በማግሥቱ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ይባርኩኝ።»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ። አራሷ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን። አባ፣ ወንድ ልጅ ከአርባ ቀን አልፎ ቢጠመቅስ?»

«ሕፃኑ ታሟል?»

«አልታመመም።»

«እናቱ ታማለች?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ የታመመው ማነው?»

«ማንም። ዳንቴሉ አይደርስም።»

ስልኩ ተቋርጦ እንደሆነ አየሁ። አልተቋረጠም።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እስከማውቀው ቀኖናው ውስጥ ዳንቴል የለም።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ነጭ ጨርቅ ይበቃዋል።»

«እሺ፣ አባ።»

ነጭ ጨርቅ ሞልቶናል። ሥራዬም ነጭ ጨርቅ ነው። ነገሩ ጨርቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለልጄ ሠርቼ መጨረስ ያቃተኝ ነገር ነበር። አሁን ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ ብዬ ተደስቼ ሳለ ዕድሉ ቀኑ በግማሽ ተቀንሶ መጣ። በሰማንያ ቀን ያልሆነልኝን በአርባ ቀን፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በመነጽር።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። አራስ ቤት ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚል እንግዳ አለ፣ የእንግዳው ሳህን አለ። ሕፃኑ ሌላ ሰው ሲይዘው ያለቅሳል፣ እኔ ስይዘው ይተኛል። ጸጋ ነው። በሁለት እጅ ሕፃን የያዘ ሰው ግን በሦስተኛ እጁ ኪሮሽ አይዝም። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን የሠራሁትን ደረት ስለካው አራት ጣት ሆነ። በዚህ አካሄድ ቀሚሱ የሚደርሰው ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው።

ፈቃዴ አለቀና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስኩ። ያን ዕለት ሻንጣውን ዳግመኛ ከፈትኩ። ባሌ በዚህኛው ጊዜ ሳልጠይቀው አወረደው።

ፌስታሉን ስፈታ ደረቱ እንዳለ ነበር። ነጩ ክር ወደ ሻይ መልክ አድልቷል፤ ሌላ ነገር አልነካውም። በሳሙናና በሎሚ ዘፈዘፍኩት። አፓርትማው በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ስለሚከለክል መስኮቱ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታሁት። ከደረቀ በኋላ ቀረብ ብዬ አየሁት። እያንዳንዱ ቀዳዳ እኩል ነው። የተሳሳተ ዙር የለም። አንድ ቦታ ልወቅሳት ፈልጌ አጣሁ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ አዲስ አራስ፣ አገሩን የማታውቅ፤ ከኔ ትሻላለች። አራት ጣቱን አዲስ ሥራዬን ተረተርኩና ክሩን እሷ ካቆመችበት ወገብ ላይ ቀጠልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንቴሉን የምሠራው ባቡር ላይ ሆነ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከላውንድሪ እወጣለሁ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ከተማ ገብቼ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፤ አሌክሳንድሪያ ወርጄ ልጄን አይቼ፣ ረድቻት፣ በመጣሁበት እመለሳለሁ። በፊት ባቡር ላይ የጸሎት መጽሐፍ ነበር የምይዘው። አሁን በቃሌ እያልኩ እጄን ለኪሮሹ ሰጠሁ። ጸሎቱን ሳልሳሳት ዙሩን የሳትኩበት ቀን አለ፤ ዙሩን ሳልሳሳት ጸሎቱን የደገምኩበትም አለ። ቢጫው ባቡር ከምድር ወጥቶ ወንዙን ሲሻገር ድንገት ብርሃን ይሞላል። በጨለማው የሠራሁትን የማየው እዚያ ነው። ድልድዩ ላይ ስንት ጊዜ እንደተረተርኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

በሃያ አምስተኛው ቀን ልጄ አየችው። ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተኝቶ ሳለ ቀሚሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በአንድ እጄ ዙር ስቆጥር ነበር። ቀረብ ብላ ጣቷን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገባች።

«ይሄ ለምን ሁለት ከለር ሆነ?»

«ላይኛው የቆየ ነው።»

«የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«የኔ? ምን የኔ?»

«የክርስትናሽ።»

«ፎቶው ላይ ያለው ይሄ አይደለም።»

«አይደለም። ያ የተዋስኩት ነው።»

ጣቷን አላወጣችም። «ዋይ ዲድንት ዩ ፊኒሽ ኢት?» አለች። ከበድ ያለ ጥያቄ ሲኖራት በእንግሊዝኛ ነው የምትጠይቀው።

«ሥራ ነበረኝ።»

እውነቱ ይኸው ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን ከጭኔ አነሣችው። ማልቀስ ጀመረ፤ አላስጨነቃትም።

«ቁጭ በይና ሥሪ» አለችኝ በአማርኛ።

«ገንፎሽን ልሥራልሽ…»

«እሱ ይሠራዋል።»

ባሏ ሶፋው ላይ ቀና አለ። «እኔ?»

«ዩቱብ ላይ አለ።»

ገንፎው ጓል በጓል ነበር። ልጄ በላችው። አማቼ ደግሞ በአክብሮት ጠርዙን ጨልፎ አቀረበልኝ። «እማማ፣ ይቅመሱልኝና አስተያየት ይስጡኝ» አለኝ። ዕለቱ አርብ ነበር፤ ቅቤ አልቀምስም። እግዚአብሔር ሰውን በብዙ መንገድ ይረዳል።

ከዚያ ወዲያ አሌክሳንድሪያ ስደርስ ልጄ በሩን ከፍታ ወንበር ታሳየኛለች። መስኮቱ አጠገብ ነው። ሕፃኑን ለአጭር ጊዜ ትሰጠኛለች፤ «በቃ፣ ታይም አልቋል» ብላ ትወስደዋለች። አጥሚቱን እራሷ ታሞቃለች። ሳህኑን ባሏ ያጥባል። አራስ ጥየቃ ሄዶ እንዲህ የተቀመጠ የለም። እንግዶች ሲመጡ እኔ እያለሁ አማቼ ሲያስተናግድ አይተው ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ወገቡ አልቆ ታችኛው ላይ ነበርኩ። ከዙሩ መሐል ትናንሽ መስቀሎች አስገባሁበት። ሴት ቢሆን አበባ አስቤ ነበር።

ታችኛው በሠላሳ አራተኛው ቀን አለቀ። ስድስት ቀን ለሁለት እጅጌ ቀረኝ። ቀኙ በሦስት ቀን አለቀ፤ እስከ እጅ አንጓ፣ ጠርዙ ላይ መስቀል ያለበት፣ ከሁሉ የበለጠ ያማረልኝ እሱ ነው። ግራው አርብ፣ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ክርኑ ላይ ደረሰ። አርባኛው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ጥምቀቱ ከቅዳሴ በፊት፣ ማለዳ። ልብሱ ደግሞ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

አርብ ባቡር ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱን እጅጌ አስተያየሁ። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ። ግራውን ለመጨረስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ሁለት ቀን የለም። ሌሊቱን ሁሉ ብሠራ እንኳ ዓይኔ እንደማይችል አውቄዋለሁ። ወንዙ ላይ ስንደርስ ብርሃኑ መጣ፤ የቀኙን መጨረሻ ቋጠሮ ፈትቼ ክሩን ሳብኩት። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ሳምንቱን ሁሉ ስሠራ ቀና ብሎ አላየኝም ነበር። ስተረትር ግን የጆሮውን ነገር አውልቆ ያየኝ ጀመር። መስቀሉ ተፈታ፣ ዙሩ ተፈታ፣ ክርኑ ላይ ሲደርስ አቆምኩና ቋጠርኩት። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ባቡሩ አሌክሳንድሪያ ሲገባ ጉልበቴ ላይ ሙሉ ጥቅል ክር ነበረ።

እጅጌው አጭር ይሆናል። ይሁን፣ በኅዳር ብርድ የልጁን ክንድ በነጠላ እንሸፍናለን አልኩ። የጀመርኩትን በልኩ ሳይሆን በአጭሩ ጨረስኩ፤ ከዚህ በፊት ግን ጭራሽ አልጨረስኩም ነበር። ልጄ ቤት አጠብኩት፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጨመቅሁት፣ ዘርግቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሕፃኑ ተጠመቀ። ውኃው ሲነካው ጮኸ፤ ቀሳውስቱ ቀጠሉ። ሜሮን ተቀባ፣ ማዕተብ ታሰረለት። የክርስትና አባቱ ይዞት ሳለ እኔና ልጄ ቀሚሱን በራሱ አጠለቅንለት።

ልጁ ጠፋ። ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ። ያ ደረት የተለካው ለሰማንያ ቀን ሴት ልጅ ነው፤ ይሄ አርባ ቀኑ ነው። ትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ። ክርን ላይ ቀረ ብዬ ያዘንኩበት እጅጌ የእጁን አንጓ አልፎ ጣቶቹን ሸፈነ። ሁለቱንም አንድ ዙር ማጠፍ ነበረብኝ።

ባሌ ከኋላችን ጎንበስ ብሎ፣ «እጅጌው ረዘመ» አለ።

ሁለተኛውን እጅጌ አጠፍኩ።

«ማም፣ ቱ ቢግ ነው» አለች ልጄ ቀስ ብላ፣ ትከሻውን እየሰበሰበች።

«ያንቺ ልክ ነው» አልኳት።

እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ቅዳሴ ገባን፤ ሕፃኑ ቆረበ፤ እናቱም ቆረበች።

ቀሚሱን የለበሰው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ቤት ስንገባ ልጄ ራሷ አወለቀችለትና ለመታጠብ አልሰጠችኝም። የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ሰኞ ባቡር ላይ እጄ ባዶ ነበር። የጸሎት መጽሐፌን አወጣሁ፤ ደግ ነው፣ ናፍቆኝ ነበር። እስከ ወንዙ አንብቤ ጨረስኩ። ማክሰኞ ግን ኪሮሹን አብሬ ያዝኩና ከእጅጌው ከተረተርኩት ጥቅል ክር አንድ ነገር ጀመርኩ። ባሌ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አላወቅሁም አልኩት። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለማንም አልኩት። ትናንት ድልድዩ ላይ ስሕተት አገኘሁበትና ግማሹን ተረተርኩት። የሚቆጠር ቀን ስለሌለ ቀስ ብዬ ነው የተረተርኩት። ዓይኔን ለሰጠኝ፣ እጄን ለመለሰልኝ፣ ክብር ምስጋና ይግባው።